እቴጌ ምንትዋብና የደብረ ፀሐይ ቁስቋም ጉልት

ከገዳሪፍ ገበያ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ነጋዴ የገላባትንና የመተማን ቆላ አቋርጦ በጭልጋ በኩል ወደ ደጋው ይወጣል። ከመንገዱ በስተ ሰሜን፥ ሰቲትና አትባራ በሚባሉት ወንዞች መካከል፥ ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልበት የፋሽጋ ጥቁር መሬት ተዘርግቷል፤ በስተ ደቡብ ደግሞ በረሓው ከደጋው ጋር የሚገናኝበት የቋራ አገር አለ። ዛሬ በዚህ አገር ስለ ድንበር የሚከራከር ሰው ሁሉ የ1902ን ውልና በ1903 የተደረገውን መሥመር ይጠቅሳል። ከዚያ 150 ዓመት ያህል በፊት ግን ምልክት የሚሆን ድንጋይ አልነበረም፤ የጎንደር ንጉሥና የስናር ንጉሥ ግዛታቸው የት ላይ እንደሚያልቅ የሚያውቁት ግብር ሰብሳቢዎቻቸው እስከ የትኛው ወንዝ ደርሰው በሰላም እንደሚመለሱ በማየት ነበር።

ከዚሁ ጠረፍ፥ ከቋራ፥ የወጡ አንዲት ወይዘሮ ወደ 40 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የጎንደርን መንግሥት በቀጥታም በዘወርዋራም መርተዋል። እኒህም እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ስለ መልካቸው ውበትና ስለ ቤተ መንግሥታቸው ግርማ ብዙ ተነግሯል፤ በዚህ ጽሑፍ ግን በተለይ የምንመለከተው የገንዘብ ነገራቸውን ነው። የመንግሥት ገንዘብ ለዜማ፥ ለሥዕል፥ ለትምህርትና ለሕንፃ ጌጥ ሊውል ይገባዋልን፤ የሚገባውስ ከሆነ ከየትኛው ሣጥን ወጥቶ በማን እጅ ይተዳደር የሚለው ጥያቄ የዛሬ ሹማምንት ያመጡት አዲስ ጥያቄ አይደለም። እናት በቁስቋም፥ ልጅ በቤተ መንግሥቱ፥ በአንድ ዘመን ሁለት የተለያየ መልስ ሰጥተውበታል። ለአንባቢ ምቾት ሲባል ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እቴጌይቱ የተወለዱት በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። አባታቸው የደምቢያው ደጃዝማች መንበሬ፥ እናታቸው የነገሥታት ዘር የሆኑት ወይዘሮ እንኮዬ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ሲሆን ምንትዋብ የሚለው ስም ምን ያህል ውብ ናት ከማለት የወጣ የአድናቆት ስም ነው፤ ዘውድ ሲጭኑ ደግሞ ብርሃን ሞገሳ ተብለዋል። ከቀድሞ ፖርቱጋሎች ዘር አለብኝ ብለው እንደ ነገሩት እንግዳቸው የነበረው ስኮትላንዳዊው ሚስተር ጄምስ ብሩስ ጽፏል፤ ይህን ያሉት ለእንግዳው ደስታ ይሁን በእውነት አምነውበት መመርመሩ የእኛ ጉዳይ አይደለም።

ዐፄ በካፋ በ1721 ከነገሡ በኋላ ልብሳቸውን ለውጠው ባልታወቀ ሰው አምሳል በየአገሩ መዞር ይወዱ እንደ ነበር ይተረካል። ከእነዚህ ዙረቶች በአንዱ ቋራ ላይ ታመው በአንድ ባላገር ቤት እንደ ተኙ፥ የቤቱ ልጅም እንዳስታመመቻቸው፥ ከዳኑም በኋላ ወደ ጎንደር አስመጥተው እንዳገቧት በሰፊው ይነገራል። ታሪኩ የተዋበ ነው፤ የተዋበ ታሪክ ሁሉ ግን ጥቂት መጠርጠር አይከፋም፤ የደጃዝማች ልጅ በተራ ባላገር ጎጆ ውስጥ ሕሙም ስታስታምም መገኘቷ ለጸሐፊው እንቆቅልሽ ነው። የማያጠራጥረው ነገር በ1723 ኢያሱ የሚባል ወንድ ልጅ መውለዳቸውና በ1730 ዐፄ በካፋ ሲሞቱ የ7 ዓመት ሕፃን የያዙ ወጣት መበለት ሆነው መቅረታቸው ነው።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለች መበለት ብዙውን ጊዜ ዕድልዋ ገዳም ወይም ግዞት ነበር። ምንትዋብ ግን ሕፃኑን በዙፋን አስቀምጠው፥ በዚያው ዓመት እርሳቸውም ዘውድ ጭነው፥ ከልጃቸው ጋር እኩል ሥልጣን ያላቸው ገዥ ሆኑ። በግእዝ የተጻፈው የዘመኑ ዜና መዋዕልም የእናትንና የልጅን ታሪክ አንድ ላይ አጣምሮ የያዘ ነው። ወንድማቸውን ወልደ ልዑልንና ሌሎች ቋረኞች ዘመዶቻቸውን በየሹመቱ አኖሩ። ይህም ጥበቃ ሆነላቸው፤ ጠላትም አፈራባቸው። በ1732 መጨረሻ ላይ ሹማምንት አምፀው፥ ሌላ ንጉሥ አንግሠው፥ እናትና ልጅን በጎንደር ግንብ ውስጥ ከበቧቸው። ከተማዪቱ ተቃጠለች፤ ከውጭ ረዳት ጦር እስኪደርስ ድረስ ግንቡ በጭንቅ ተጠብቆ ቆየ።

ከዚህ ጭንቅ በኋላ ነው እቴጌይቱ ዓይናቸውን ከከተማው ወጣ ወዳለው ተራራ ያነሡት። ከነገሥታቱ ግቢ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ በሚገኘው ከፍተኛ ስፍራ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ስፍራውንም ደብረ ፀሐይ ቁስቋም አሉት፤ ቁስቋም ማለት እመቤታችን ከልጇ ጋር ተሰዳ የተቀመጠችበት የግብፅ ተራራ ስም ነው። ከልጅዋ ጋር በግንብ ውስጥ ተከባ ሞት የጠበቀች እናት ይህን ስም መምረጥዋ በአጋጣሚ ነው ለማለት ያስቸግራል። ቤተ ክርስቲያኑ በ1740 ገደማ ተፈጽሞ ተመረቀ። ፍርስራሹን ያየ ሰው እንደሚያውቀው የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ በጥቁሩ ድንጋይ መካከል ቀይ ለስላሳ ድንጋይ እየገባ፥ መስቀልና ሌላም ምስል እየተቀረጸበት ያጌጠ ነው።

ሕንፃ ማሠራት ግን ከዚያ በፊት የነበሩት የጎንደር ነገሥታትም ያደረጉት ነገር ነው። ዐፄ ፋሲል ከተማዪቱን ከመሠረቱበት ከ1636 ጀምሮ እያንዳንዱ ንጉሥ ስሙን በኖራና በድንጋይ ለማኖር ይሽቀዳደም ነበር። ድንጋይ አንድ ጊዜ ከተካበ በኋላ ደመወዝ አይጠይቅም። ደመወዝ የሚጠይቀው በውስጡ የሚኖረው ሰው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት የሚቆመው ደብተራ፥ የቅኔ ተማሪውን በዛፍ ጥላ ሥር ሰብስቦ የሚያስተምረው መምህር፥ ብራና ፍቆ ቀለም በጥብጦ የሚጽፈው ቁም ጸሐፊ፥ ሥዕል የሚሥለው ባለሙያ ሁሉ ነገም ከነገ ወዲያም መብላት አለባቸው። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ለመጻፍ ከመቶ በላይ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ሊፈጅ ይችላል፤ ጸሐፊው ወራት ይቀመጥበታል። ዜማን ከድጓው ጀምሮ እስከ አቋቋሙ ጠንቅቆ ለማወቅም የአንድ ሰው ወጣትነት በሙሉ ያልቃል። እንዲህ ያለውን ሥራ በበዓል ቀን በሚወረወር ስጦታ ማኖር አይቻልም።

እቴጌይቱም ለዚህ ያበጁት መድኃኒት ጉልት ነው። አንዳንድ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ጉልትን በቋንቋቸው ፌውዶ እያሉ ይተረጉሙታል፤ ትርጉም ሥራው ለሆነ ሰው ይህ ቃል ጥቂት ይቆረቁረዋል። ጉልት ማለት መሬቱን ከባለርስቱ ነቅሎ ለሌላ መስጠት ሳይሆን መንግሥት ከዚያ መሬት ይቀበለው የነበረውን ግብርና መብት ለተሰጠው ወገን መልቀቅ ነው። ስለዚህ ደብሩ የመንግሥትን ገቢ ከምንጩ ይቀበላል ማለት ነው። እህሉ ወደ ንጉሡ ጎተራ ገብቶ፥ በበጅሮንድ ተቆጥሮ፥ እንደ ገና ለደብተራው እስኪታዘዝለት መጠበቅ ቀረ። በየዓመቱ አዲስ ትእዛዝ አያስፈልግም፤ ሹመት ቢለዋወጥ፥ በጅሮንዱ ቢኮርፍ፥ ጦርነት ቢመጣ ማኅሌቱ አይቋረጥም ተብሎ ታሰበ።

ለየአገልጋዩ የሚደርሰው ድርሻ ደግሞ ሪም ይባል ነበር። ሪም የያዘ ሰው በደብሩ የታወቀ አገልግሎት አለበት፤ ቀዳሹ ይቀድሳል፥ መሪጌታው ይመራል፥ ደብተራው ይቆማል። መሬቱና አገልግሎቱ እንደ ቀንበርና እንደ ማነቆ የተያያዙ ናቸው። ስሙ፥ ድርሻው፥ ምስክሩ በመጽሐፍ ተመዘገበ። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ያለውን መዝገብ በወንጌላቸው ባዶ ገጾች ላይ ይጽፉት ስለ ነበር ማንም እጁን ሊያነሣበት ይፈራ ነበር፤ መዝገቡን መፋቅ ቅዱስ መጽሐፍን እንደ መፋቅ ይቆጠራልና። ለሹማምንት አንባቢዎቻችን ይህ ነገር ልብ ሊባል የሚገባው ይመስለናል። መዝገብ ቤት ባልነበረበት አገር ማኅደሩን በመሠዊያው አጠገብ ማኖር ትልቅ ብልሃት ነበር።

ይሁን እንጂ ብልሃቱ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ሪም ሊሸጥ ሊለወጥ ይችል ነበር፤ በጎንደር ዘመን የተጻፉት መዝገቦች ስንት ወቄት ወርቅ እንደ ተከፈለበት፥ ማን ዋስ እንደ ሆነ እያመለከቱ ሽያጩን ይዘረዝራሉ። በገዢዎቹ ዝርዝር ውስጥ ሴቶችም ብዙ ናቸው። ውሎ አድሮም አንድም ዜማ የማያውቁ መኳንንትና ወይዛዝርት ሪሙን እየያዙ፥ አገልግሎቱን በራሳቸው ፈንታ ባቆሙት በአንድ ድኻ ደብተራ ያስፈጽሙ ጀመር። የመሬቱ ፍሬ ለጌታው፥ የሌሊቱ ብርድ ለደብተራው ሆነ። ከእነዚህ መካከልም በየሹመቱ የነበሩት ቋረኞች የእቴጌይቱ ዘመዶች አይታጡም ብሎ ማሰብ ሐሜት አይሆንም። ገበሬውን ደግሞ ማንም የጠየቀው የለም፤ ለእርሱ ግብሩን ንጉሥ ቢበላው ደብር ቢበላው ከጎተራው የሚጎድለው ቍና ያው ነው።

ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ በእርሳቸው ዘመን የወጣው ሥራ ዛሬም ዓይን ይማርካል። በዚያ ጊዜ የሠዓልያኑ እጅ ተለወጠ፤ የቅዱሳኑ ፊት በጥላና በብርሃን ይደላደል ጀመር፥ ልብሳቸው በአበባ የተሞላ ግምጃ ሆነ፥ የሥዕሉ መደብ ከብጫ ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ እየተዋሐደ ይታያል። በጣና ሐይቅ ውስጥ በደቅ ደሴት ላይ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን እቴጌይቱ ራሳቸው ያማረ ልብስ ለብሰው በእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል። ገንዘብ የሰጠ ሰው በሥዕሉ ውስጥ ስፍራ ማግኘቱ በሌላውም ዓለም የተለመደ ነገር ነው፤ በግንባር የወደቀ ሆኖ መሣሉ ግን ትሕትናና ኩራት ባንድ ላይ የሚታይበት ነው።

ለነጋዴዎች አንባቢዎቻችን የሚጣፍጠው ግን የልብሱ ነገር ነው። በሥዕሉ ላይ የሚታየው ግምጃ ጎንደር ውስጥ የተሸመነ አይደለም፤ ከሕንድና ከሌላም አገር በባሕር መጥቶ፥ ምጽዋ ላይ ቀረጥ ተከፍሎበት፥ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው የወጣ ነው። በዚሁ ክፍለ ዘመን አካባቢ በጎንደር የተሠሩ፥ የመቅደስን መግቢያ የሚጋርዱ ታላላቅ የሐር መጋረጃዎች ነበሩ፤ አንደኛው ዛሬ በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም፥ ሌላው በካናዳ ቶሮንቶ ይገኛል። ሊቃውንት እንደሚሉት ሐሩ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ሲሆን ሸማኔው ግን የአገሩ ሰው ነው። በለንደኑ መጋረጃ ላይ የተሸመኑት ነገሥታት ዐፄ በካፋ፥ እቴጌ ምንትዋብና ሕፃኑ ኢያሱ ሳይሆኑ አይቀሩም ይባላል። እንግዲህ የቁስቋም ክብር በምጽዋ በር በኩል የሚገባ ሸቀጥም ነበረበት። ያ በር ግን ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም፤ ከግብፅ ጳጳስ እንዲያመጡ ወርቅ ይዘው የተላኩት መልእክተኞች ምጽዋ ላይ በናይቡ ተይዘው ከወርቃቸው ከፊሉን እንደ ተቀሙ ብሩስ ያስታውሳል። በነገራችን ላይ፥ በኋላ ዘመን በገበያችን ሁሉ የነገሠው ጠገራ ብር ላይ የምትታየው ማሪያ ቴሬዛ የነገሠችው በ1740 ነው፤ ሁለቱ ወይዛዝርት ባንድ ዘመን ገዥዎች ነበሩ።

አሁን ወደ ልጃቸው እንመለስ። ዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ ካደጉ በኋላ አደንና ግንብ የሚወዱ ሰው ሆኑ። ከሰምርኔስ ተሰደው የመጡ የግሪክ አንጥረኞች ነበሩና እነርሱን ቀጥረው አዳራሻቸውን በዝሆን ጥርስና በወርቅ በተለበጡ የቬኔሲያ መስታወቶች እንዳስጌጡ ብሩስ ጽፏል። ይህ ጌጥ እንደ ቁስቋም ሥራ የራሱ የሆነ ገቢ አልተቈረጠለትም፤ የሚከፈለው ከንጉሡ ግምጃ ቤት በጥሬ ወርቅ ነበር። አንጥረኞቹ ተማሪ ኮትኩተው ሙያውን ለአገር ልጅ ማስተላለፋቸውም አልተሰማም። ወታደሩ መስታወቱን አየ፤ አጉረመረመም። አያታቸውን ታላቁን ኢያሱን የሚያስታውሱ ሰዎች የልጅ ልጁን በትንሹ ኢያሱ እያሉ በማላገጥ፥ ዘመቻው ከአዳራሽ እስከ አደን ብቻ ነው የሚል የፌዝ ጽሑፍ ጻፉ። ይህ ጽሑፍ በንጉሡ ልብ ላይ ጦር ሆነ።

ለመስታወቱ የተነሣውን ነቀፌታ በጦርነት ለማጥፋት አሰቡ። በ1744 ታላቅ ጦር አስከትለው በምዕራቡ ጠረፍ በኩል ወደ ስናር ወረዱ። መንገዱም እናታቸው የተወለዱበትን የቋራን አካባቢ፥ ዛሬ ከገዳሪፍ በስተ ደቡብ የሚታወቀውን የአትባራና የድንደር ወንዞች ቆላ የሚያካትት ነበር። በጉዟቸው ላይ በአትባራ ዳር የሚኖሩትን ዘላኖች ዘርፈው ብዙ ከብት ነዱ። ነገር ግን የስናሩ ንጉሥ ባዲ አቡ ሹሉክ ከኮርዶፋን የተሰደደውን ኸሚስ የሚባለውን የጦር ሰው ይዞ ይጠብቃቸው ነበር። በድንደር ወንዝ ላይ በተደረገው ጦርነት የጎንደር ጦር ተደምስሶ ንጉሡ ራሳቸው በጭንቅ አመለጡ። ይህ ድል በስናር ለብዙ ዘመን የሚዘመርለት ሆነ።

ለእኛ ነገር ከሁሉ የሚያሳዝነው ከጦሩ ጋር የተወሰደው ነገር ነው። የጎንደር ነገሥታት በዘመቻ ጊዜ ይዘውት የሚወጡት፥ ኵርዐተ ርእሱ የተባለው፥ አክሊለ ሦክ የደፋውን ጌታ የሚያሳይ ሥዕል ከግማደ መስቀሉ ጋር በስናሮች እጅ ወደቀ። ሁለቱንም ለማስመለስ 8000 ወቄት ወርቅ እንደ ተከፈለ ይነገራል። ነጋዴ የሆነ አንባቢ ስሌቱን በቶሎ ያገኘዋል፤ ከ200 ኪሎ በላይ ወርቅ መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ በአሞሌ ጨውና በሸማ ሲገበያይ፥ ወርቁ ከሩቅ ምዕራብና ደቡብ አገር በጥቂት በጥቂት እየተለቀመ ሲመጣ፥ ለአንድ ሥዕልና ለአንድ ቅዱስ ዕንጨት ይህን ያህል መክፈል ምን ማለት እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። አንዳንዱ ይህን እብደት ይለዋል። ጸሐፊው ግን እብደቱ ከመክፈሉ ይልቅ ሥዕሉን ወደ ድንደር ይዞ በመውረዱ ላይ ነበር ይላል። ሥዕሉ ጎንደር ከገባ በኋላ ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው፤ በግምጃ ቤቱ ውስጥ የቀረውን ባዶ ስፍራ ግን ያየው ጥቂት ሰው ነው።

ባዶነቱ በ1755 ተገለጠ። በዚያ ዓመት ዐፄ ኢያሱ ሲሞቱ ግምጃ ቤቱ ቢከፈት በውስጡ የተገኘው ጥቂት ዲናር ብቻ ነበር ይባላል፤ ለንጉሥ የሚገባ የቀብር ሥርዐት እንኳ ለማድረግ የሚበቃ አልነበረም። እቴጌይቱ በኀዘንና በኀፍረት ከተማውን ትተው ወደ ቁስቋም ወጡ፤ መንግሥቱንም ከእንግዲህ አልመራም አሉ። መኳንንቱ ተከታትለው እየለመኑ መለሷቸው። ሁለቱ መልሶች ፊት ለፊት የታዩት በዚህ ቀን ነው። የልጁ መስታወት ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል፥ ሣጥኑ ግን ባዶ ነው፤ በቁስቋም ግን ደብተሮቹ በዚያው ሳምንት እንደ ልማዳቸው ቆመው አድረዋል፤ ጉልታቸው በንጉሡ ሣጥን ውስጥ አልነበረምና። ነገር ግን ፍርዳችን አንድ ወገን ብቻ እንዳያይ መጨመር ያለብን ነገር አለ፤ ግምጃ ቤቱ ባዶ የሆነው በመስታወትና በወርቅ ቤዛ ብቻ አይደለም። ለደብር፥ ለዘመድና ለሹም በጉልት የተለቀቀ መሬት ሁሉ ለንጉሡ የማይደርስ ግብር ነው፤ እናትየውም ከዚህ ጕድለት ድርሻ አላቸው።

የቀረው ዘመናቸው ኀዘን ነው፤ በአጭሩ እንለፈው። ሕፃኑ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሠ። የኢዮአስ እናት ውቢት የወሎ ኦሮሞ ባላባት ልጅ ስለ ነበሩ ወገኖቻቸው ወደ ጎንደር መጡ፤ ከቋረኞች ጋርም ለሹመት ተፎካከሩ። የምንትዋብ ወንድም ራስ ወልደ ልዑል በ1767 ሲሞቱ ሁለቱን ወገን የሚያስታርቅ ሰው ጠፋ። የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ተጠሩ። እርሳቸው የምጽዋን መንገድ በእጃቸው ያደረጉና በዚያ በር የሚገባውን ነፍጥ የሰበሰቡ በመሆናቸው ከሌሎቹ መኳንንት ሁሉ ይበረቱ ነበር። በ1769 ኢዮአስን አስገደሉ። የእቴጌይቱ ልጅ ወይዘሮ አስቴር የዚሁ ራስ ሚካኤል ሚስት ነበሩ፤ አማች የልጅ ልጅ ገዳይ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ምንትዋብ ሥልጣን አልፈለጉም።

ሚስተር ብሩስ በምጽዋ ገብቶ በ1770 ጎንደር ሲደርስ ያገኛቸው በቁስቋም ነው። በቤታቸው ፈንጣጣ ገብቶ ስለ ነበር ሕፃናቱን እንዲያክም ተጠራ፤ በዚህም ምክንያት የቤተ ሰብ ያህል ሆነ። ወደ አገሩ ሲመለስ የመረጠው መንገድ የምጽዋን ሳይሆን የምዕራቡን ነው፤ በራስ ኤል ፊል ወርዶ፥ ዛሬ የገዳሪፍ ግዛት የሆነውን ቆላ አቋርጦ ስናር ገባ። እቴጌይቱም በሰኔ ወር 1773 በቁስቋም ዐርፈው በዚያው ተቀበሩ።

ከሞታቸው በኋላ ሥራቸውን የጎበኙት ሁለት ታላላቅ አደጋዎች ከዚያው ከምዕራብ ጠረፍ መምጣታቸው ይገርማል። የመጀመሪያው የመጣው ከቋራ ልጅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ በ1856 ካህናቱን ሰብስበው የመሬቱን ነገር አነሡ፤ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፥ የተረፈው መሬት ለሚገብረው ገበሬ ይሰጥ፥ ግብሩም ለሠራዊቱ ይሁን የሚል አሳብ ነበራቸው። ካህናቱ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ንጉሡም በ1860 በኀይል ወሰዱት። በሁለቱ መካከል መፍረድ ቀላል አይደለም። ቴዎድሮስ ሠራዊት የሚመግቡበት ገቢ አልነበራቸውም፤ ቅድም እንዳልነው በጉልቱ ላይ አንዲት ቅኔ የማያውቅ ባለሪም ሞልቶበት ነበር። ነገር ግን በአምስት ሰው ቅዳሴ እንጂ ማኅሌት አይቆምም፤ ቅኔ ቤትም አይከፈትም። ወረድ ብሎ በ1866 ንጉሡ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ዘርፈው አቃጠሉ፤ ብዙ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳትን ወደ መቅደላ ወሰዱ። በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ ይህ ሁሉ ከተራራው ወረደ፤ 8000 ወቄት የተከፈለበት ኵርዐተ ርእሱም በሙዚየሙ መልእክተኛ በሪቻርድ ሆልምስ እጅ ገብቶ፥ እርሱ ለግሉ አስቀርቶት፥ ከሞተ በኋላ በ1917 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ። በኋላም ወደ ፖርቱጋል አለፈ። በዚህ ጊዜ ቤዛ የሚከፍል አልተገኘም።

ሁለተኛው አደጋ የመጣው በነጋዴዎቹ መንገድ ነው። በጥር ወር 1888 የደርቡሽ ጦር በሐምዳን አቡ ዐንጃ እየተመራ ከገላባት ተነሥቶ በደምቢያ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጠለ። ቁስቋምም ከተቃጠሉት አንዷ ነበረች። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ እንደ ገና ተሠርቷል፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ጣራ ሳያገኝ ቀረ። የአብያተ ክርስቲያናት መሬት ሁሉ በ1975 አዋጅ ለመንግሥት ሲሆን የጉልት ነገር ፈጽሞ ቀረ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በ1979 የጎንደር ግንቦች ከቁስቋም ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ገቡ።

ዛሬ ወደ ቁስቋም የሚወጣ ሰው የእቴጌይቱ፥ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ዐፅም ነው የሚባለው በአንድ ሣጥን በመስታወት ሥር ተቀምጦ ይታያል። ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ነው። በዚያች ሌሊት ደብተሮቹ መቋሚያቸውንና ጸናጽላቸውን ይዘው ይሰለፋሉ፤ ቀለባቸውን የሚሰጠው አሁን ምእመኑ ነው።